ያለ ዕድሜው የሞተ ባትሪ፤ ኪሳራው የማን ነው?

በደሴና በኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ መደብሮች ደጃፍ ከሚሰሙት ክርክሮች ሁሉ መቋጫ የማይገኝለት የባትሪ ክርክር ነው። ገዥው «ገና ስምንት ወር ሳይሞላው ቻርጅ አልይዝ አለ» ይላል። ሻጩም «ዕቃው ደህና ነበር፤ የገደለው የመኪናህ ዲናሞ ነው» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የመሰላቸውን እየተናገሩ ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን አንዳቸውም ማስረጃ አያቀርቡም። በመጨረሻ ገዥው እያማረረ ሌላ ባትሪ ይገዛል፤ ሻጩም አንድ ደንበኛ ያጣል።

በዛሬው የገበያ ገጻችን የምንመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ባትሪ ያለ ዕድሜው የሚሞተው ለምንድን ነው? ጥፋቱ የፋብሪካው፣ የሻጩ ወይስ የባለመኪናው መሆኑ በምን ይለያል? ምትክ ለማግኘትስ ምን ያስፈልጋል? መልሱን በአጭሩ ለማስቀመጥ ያህል፣ አብዛኛው ገዥ ክርክሩን የሚሸነፈው ባትሪው በሞተበት ዕለት ሳይሆን በገዛበት ዕለት ነው።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲሰላ ዋጋው እጅግ ከፍ ብሏል። በባጃጅ፣ በታክሲ ወይም በጭነት መኪና ለሚተዳደር ሰው ደግሞ ያለ ጊዜው የሞተ ባትሪ የሚያስወጣው የባትሪውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መኪናው የቆመበት ቀን ገቢም አብሮ ይቀራል።

ደሴ ያጋልጠዋል፣ ቆላው ይገድለዋል

የመኪና ባትሪ አሠራር ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከፈለሰፈው መሠረታዊ ሐሳብ ብዙ አልራቀም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የእርሳስ ፕሌቶች በሰልፈሪክ አሲድና በውሃ ቅልቅል ተነክረው ይገኛሉ። አንዱ ክፍል ሙሉ ቻርጅ ሲኖረው 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ የስድስቱ ድምር 12.6 ቮልት ይሆናል። ባትሪው ሲሠራ ፕሌቶቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ነገር ይጋገራል፤ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ይሟሟል። ባትሪው ሳይሞላ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ግን ሰልፌቱ ይጠነክርና ተመልሶ የማይሟሟ ይሆናል። «ባትሪው ቻርጅ አይዝም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

የሁለቱ ከተሞች አቀማመጥ ጉዳዩን ልዩ ያደርገዋል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ የምትገኘው ኮምቦልቻ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል የሚወርደው መንገድ ደግሞ የአፋርን በረሃ ይዞ ሚሌ ላይ ከጅቡቲው አውራ ጎዳና ጋር ይገናኛል። ስለዚህ አንድ የጭነት መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ከደሴ ብርድ ተነሥቶ አፋር ቆላ ሊገባ ይችላል።

ሹፌሩ ብዙ ጊዜ የሚያማርረው የደሴን ብርድ ነው፤ ባትሪው እንቢ የሚለው በማለዳ ነውና። እውነታው ግን ሌላ ነው። ቅዝቃዜ የባትሪን ጉልበት የሚቀንሰው ለጊዜው ብቻ ነው፤ የሞተሩን ዘይት ስለሚያወፍረውም ሞተሪኖው የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ሙቀት ግን ዕድሜውን ይቆርጣል። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ግምት እንደሚያመለክተው፣ የባትሪው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በውስጡ የሚካሄደው የመበላሸት ሂደት በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ውሃው ይተናል፤ ፕሌቶቹም ይበላሉ። እንግዲህ ባትሪው ሕመሙን የሚይዘው ሚሌ መንገድ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሞቱ የሚታወቀው ደሴ ላይ በማለዳ ነው። ስለዚህ ወደ ቆላ የሚመላለስ መኪና ከደሴ የማይወጣ መኪና ከሚያገኘው የባትሪ ዕድሜ ያነሰ ቢያገኝ የግድ ተታሏል ማለት አይደለም።

ሌሎቹ ገዳዮች

የመጀመሪያው ዲናሞ ነው። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ራሶች ላይ በቴስተር ሲለካ ባለ 12 ቮልት መኪና ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት ይገባዋል። በእጥፍ ለሚሠራው ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ይህ ከ27.6 እስከ 29 ቮልት ይሆናል። ከዚህ በታች ከሆነ ባትሪው ሁልጊዜ በከፊል እንደተራበ ይኖራል፤ ከላይ ከሆነ ውሃው እየፈላ ያልቃል። የላላ ቺንጊያ ወይም የተበላሸ ሬጉሌተር ያለው መኪና አዲስ ባትሪ ቢገባለትም መልሶ ይገድለዋል።

ሁለተኛው ሞተር ጠፍቶ ሳለ የሚፈስ ኃይል ነው። በቆመ መኪና ላይ እስከ 50 ሚሊ አምፒር የሚደርስ ፍሰት ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። ነገር ግን በዘፈቀደ የተቀጠለ አላርም፣ ቴፕ ወይም መቆጣጠሪያ መሣሪያ ግማሽ አምፒር ቢስብ በ24 ሰዓት 12 አምፒር ሰዓት ይሄዳል ማለት ነው። ባለ 60 አምፒር ሰዓት ባትሪ በአምስት ቀን ባዶ ይሆናል፤ ሞተር ማስነሣት የሚያቅተው ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። መንገድ ሲዘጋ ወይም ነዳጅ ሲጠፋ ለቀናት የሚቆሙ መኪኖች ባትሪ አብሮ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ለመቆም የተገደደ ባለመኪና የነጌቲቩን ገመድ ቢፈታ አንዳች ወጪ ሳያወጣ ባትሪውን ያድናል።

ሦስተኛው በጭነት መኪኖች ላይ የሚታይ ነው። 24 ቮልት የሚገኘው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ሲገናኙ ነው። ባለ 12 ቮልት ቴፕ ወይም የስልክ ቻርጀር ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሲቀጠል ያ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላል። ውሎ አድሮ ሁለቱም ይበላሻሉ። እንዲሁም ከሁለቱ አንዱ ሲሞት አንድ አዲስ ገዝቶ ከአሮጌው ጋር ማጣመር ለጊዜው ወጪ የቀነሰ ቢመስልም የአዲሱን ዕድሜ ያሳጥራል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ዓይነትና ከአንድ አቅም ቢገዙ ይመረጣል።

አራተኛው መንቀጥቀጥ ነው። በኮረኮንች መንገድ ላይ በደንብ ያልታሰረ ባትሪ ፕሌቶቹ ይራገፋሉ። አምስተኛው ደግሞ ባለማወቅ የሚፈጸም ነው። ይኸውም የጎደለን ባትሪ በአሲድ መሙላት ነው። አሲድ የሚጨመረው ባትሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚተነው ውሃ ስለሆነ የሚተካውም በተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። አሲድ የተጨመረበት ባትሪ ፕሌቱ ይበላል፤ ጋራንቲም ቢኖረው ሻጩ አልቀበልም የማለት በቂ ምክንያት ያገኛል።

ስድስቱ ክፍሎች ይመስክሩ

እስካሁን የዘረዘርናቸው በአብዛኛው የባለመኪናው ኃላፊነት ናቸው። የፋብሪካ ጉድለትና በመደብር መደርደሪያ ላይ በቆየበት የሚደርስ ጉዳትስ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ከሰው ምስክርነት ይልቅ የባትሪው ክፍሎች ምስክርነት ይሻላል።

በቅድሚያ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ይደረግ። ይህ ሳይደረግ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ባዶ የሆነ ባትሪ ተበላሸ ማለት አይደለምና። ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ይረፍ። ከዚያ በቴስተር ይለካ። 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሞልቷል። 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ፣ 12.0 ሩብ ገደማ ነው። በሚገባ ቻርጅ ተደርጎም 10.5 ቮልት አካባቢ ላይ የሚቆም ከሆነ ከስድስቱ አንዱ ክፍል ሞቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ደግሞ ሃይድሮሜትር በተባለው የአሲድ ክብደት መለኪያ እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ይፈተሻል። በደንብ የሞላ ክፍል 1.265 እስከ 1.280 ያሳያል። ንባቡ እንዲህ ይተረጎማል፤

አምስቱ ክፍሎች ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በ0.050 ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ፣ ጉድለቱ የባትሪው የራሱ ነው። ዲናሞ አንዱን ክፍል መርጦ አይገድልም። ይህን የያዘ ገዥ ምትክ ለመጠየቅ ጠንካራ መሠረት አለው።

ስድስቱም እኩል ዝቅ ካሉና ቻርጅ ሲደረጉም ከፍ አልል ካሉ፣ ባትሪው ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ቆይቷል። ይህ በመኪናው ላይ ወይም በመደብሩ መደርደሪያ ላይ የደረሰ ሊሆን ይችላል። የሽያጩ ቀንና በዚያ ዕለት የተለካው ቮልት ወሳኝ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው።

የስድስቱም ውሃ ካለቀ ወይም ፈሳሹ ጠቁሮ ከደፈረሰ፣ ከልክ በላይ ቻርጅ፣ ሙቀት ወይም መንቀጥቀጥ ይጠረጠራል። የዲናሞው ምርመራ ይቀድማል።

ክዳን የሌለው ድፍን ባትሪ ከሆነ በጭነት ይፈተናል። ሞልቶ ሳለ ሞተሪኖው ሲመታ ቮልቱ ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ደክሟል። በአንዳንዶቹ ላይ ያለው አረንጓዴ ዓይን የሚያሳየው የአንዱን ክፍል ሁኔታ ብቻ ስለሆነ ለብቻው ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ጋራንቲ የዋጋው አካል ነው

ወደ ገበያው ጉዳይ እንመለስ። ሁለት ባትሪዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ገዥው የትኛው እንደሚበረክት በዓይኑ ሊለይ አይችልም፤ ሻጩ ግን ከእርሱ የተሻለ ያውቃል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ሲያገኙ የተጠቀሰላቸው፣ ይኸው ችግር ነው። ገዥ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ይሆናል። በዚህ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ማቅረብ ስለማያዋጣ ጥሩው ከገበያ እየወጣ መጥፎው ይቀራል። ምሁሩ ምሳሌ አድርገው ያቀረቡት ያገለገሉ መኪኖችን ነበር፤ ለባትሪም እንዲሁ ይሠራል።

መድኃኒቱም በዚያው ጥናት ተጠቁሟል። ጋራንቲ ነው። በዕቃው የሚተማመን ሻጭ «ከዚህ ጊዜ በፊት ቢሞት እተካለሁ» ለማለት አይፈራም። ዕቃው እንደማይበረክት የሚያውቅ ግን ይህን ቢል ይከስራል። ስለዚህ በጽሑፍ የተሰጠ ጋራንቲ ለገዥው ስለ ጥራቱ የሚነግረው ከማስታወቂያ ይበልጣል።

ለስሌት እንዲመች የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። አንዱ ባትሪ 8,000 ብር ተሽጦ 10 ወር ቢያገለግል በወር 800 ብር ያስከፍላል። ሌላው 12,000 ብር ተሽጦ 24 ወር ቢያገለግል በወር 500 ብር ነው። የመጀመሪያው ርካሽ መስሎ የታየው ዋጋውን ለዕድሜው ስላላካፈልነው ብቻ ነው። መኪናው በግፊ የተነሣበትንና ሥራ የፈታበትን ቀን ብንጨምርበት ልዩነቱ ይሰፋል።

እዚሁ ላይ የደረሰኝ ነገር ይነሣል። «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» የሚለው አነጋገር ለገበያተኛ እንግዳ አይደለም። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። በ12,000 ብር ባትሪ ላይ 1,800 ብር ይሆናል። ገዥው ይህን ለማትረፍ ያለ ደረሰኝ ቢገዛ መንግሥት ታክሱን ያጣል፤ እርሱ ራሱም ባትሪው ሲሞት መቼና ከማን እንደገዛ የሚያስረዳበት ወረቀት አይኖረውም። የ12,000 ብር መብቱን በ1,800 ብር ሸጠ ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ደግሞ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ደነገገ። ለሸማቹ ከዚህ የተሻለ የዋስትና ውል ካለ ግን ያ ውል አይነካም። ከዚያም በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎቹ ሻጭ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን አስቀምጧል። በአንጻሩም ገዥው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል።

ልብ በሉ፤ 15 ቀን ለባትሪ አጭር ጊዜ ነው። ባትሪ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ከወራት በኋላ ስለሆነ ለገዥው እውነተኛ መከታ የሚሆነው በጽሑፍ የያዘው ጋራንቲ ነው። ደካማ መሆኑን ባወቀበት ዕለት ማመልከትም አለበት። እየገፉ ማስነሣቱን ለምዶ ጊዜው ካለፈ በኋላ መጮህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ለገዥ

1. ለመኪናው የተመደበውን የባትሪ መጠንና የአምፒር ሰዓት አቅም እንዲሁም ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነ አረጋግጦ መሄድ።

2. ባትሪው የተሠራበትን ጊዜ መጠየቅ። ተሞልቶ የሚሸጥ ከሆነ ቮልቱን ማስለካት። ከ12.4 በታች የሆነ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ሊሆን ስለሚችል መተው ወይም ሌላ ማስመጣት ይሻላል። ደረቅ ሆኖ ተሽጦ አሲድ የሚሞላበት ከሆነ ሲሞላ በቦታው መገኘትና ቻርጅ እንዲደረግ መጠየቅ።

3. ደረሰኙ ላይ የባትሪው ዓይነት፣ መለያ ቁጥርና ቀን እንዲሰፍር ማድረግ። የጋራንቲው ርዝመት፣ የሚጸናበትና የሚቋረጥበት ሁኔታ፣ ምትኩም ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይሰጥ ወይም አዲስ አበባ ድረስ ያስኬድ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚገኝ ምትክ ለባጃጅ ባለንብረት ምትክ አይደለም።

4. በተገጠመበት ዕለት የዲናሞውን ቮልት አስለክቶ መጻፍ። ይህ ቁጥር ኋላ ላይ «ዲናሞህ ነው የገደለው» ለሚለው መልስ ይሆናል።

5. ክዳን ያለው ከሆነ በየወሩ፣ ወደ ቆላ ለሚመላለስ መኪና ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ውሃውን ማየት። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና።

ለሻጭ

ሻጩም የራሱ ችግር አለበት። ከጅምላ አከፋፋዩ ያለ ጋራንቲ የገዛ ቸርቻሪ ምትክ የሚሰጠው ከኪሱ ነው። ስለሆነም ቸርቻሪው ከአከፋፋዩ ጋር ሲዋዋል ከዋጋው ጎን ለጎን የተበላሸ ዕቃ መመለሻ ማስገባት ይኖርበታል። ከዚህ ሌላ በብዙ አገሮች የተለመደ መካከለኛ መንገድ አለ። ምትኩ ለመጀመሪያዎቹ ወራት በነጻ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ገዥው የተጠቀመበት ጊዜ ይታሰብበታል። ለምሳሌ የ12 ወር ጋራንቲ ያለው የ12,000 ብር ባትሪ በዘጠነኛው ወር መጨረሻ ቢሞት፣ ገዥው 9,000 ብሩን እንደተጠቀመበት ተቆጥሮ ቀሪው 3,000 ብር ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀነስለታል። ሁለቱም ወገኖች ጥቂት ይከፍላሉ፤ ደንበኝነቱ ግን አይቋረጥም።

የአሮጌው ባትሪም ጉዳይ አለ። ከባትሪ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ስለሆነ አሮጌው ዋጋ አለው። በጓሮ እየፈታ እርሳሱን የሚያቀልጥ ሰው ግን አፈሩንና ሕፃናቱን ይመርዛል። አሮጌውን ተቀብሎ ከአዲሱ ዋጋ ላይ የሚቀንስና ለሕጋዊ ሰብሳቢ የሚያስረክብ ሻጭ ለገዥው ቅናሽ፣ ለከተማው ደግሞ ጤና ይሰጣል።

መነሻችን ወደሆነው ጥያቄ ስንመለስ፣ ያለ ዕድሜው የሞተ ባትሪ ኪሳራ በአሁኑ አሠራር የሚወድቀው ማስረጃ በሌለው ላይ ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ ገዥው ነው። አንድ ቴስተር፣ አንድ ሃይድሮሜትርና ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ይህን ሊለውጡ ይችላሉ። መለኪያዎቹን በመደብሩ አስቀምጦ በገዥው ፊት የሚለካ ነጋዴ ቢገኝ ሌሎቹም ሊከተሉት ይገደዳሉ፤ ገዥው ተለክቶ የተሸጠለትን ባትሪ ካየ በኋላ ያልተለካውን በእኩል ዋጋ አይገዛምና።